ሽማግሌ “ድገሙ” አይባልም

(ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ውስጥ። ረፋድ ላይ፣ በጋሽ ናስረዲን ግቢ ጓሮ፣ እንሰት መሃል። ሙስጠፋ ለዓመታት የሠርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ ኖሮ ዘንድሮ የፊልም ዳይሬክተር ሆኗል፤ ዓይኑን ከካሜራው አይነቅልም። ጓደኛው ሀይደር የባጃጅ ሾፌር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌ የሚላክለትን ወጣት ይጫወታል። ሱፍ ለብሶ፣ የድምፅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ካሜራውን የሚከልለውን የእንሰት ቅጠል በሁለት እጁ ወደ ጎን ስቦ ይዟል።)

ሙስጠፋ፦ ወደ ግራ! ቅጠሉን ወደ ግራ አልኩህ እኮ!

ሀይደር፦ ግራ ነው የያዝኩት።

ሙስጠፋ፦ ያንተን ግራ ማን ጠየቀህ? የካሜራውን ግራ!

ሀይደር፦ እኔና ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የቆምነው። ግራችን እንዴት ተለያየ?

ሙስጠፋ፦ (ዞር ብሎ አይቶ) ...በጥበብ ዓይን ይለያያል። ተመልካቹን አስብ እንጂ! ይሄ ቅጠል ይከልለዋል።

ሀይደር፦ ተመልካቹ የት ነው የሚቀመጠው?

ሙስጠፋ፦ አዳራሽ ነዋ!

ሀይደር፦ አዳራሹ ሆሳዕና መሃል ነው። እዚያ ለተቀመጠ ሰው እንኳን ቅጠሉ፣ ሌሞም አይታየው።

ሙስጠፋ፦ ያ አላህ! ምን ዓይነት ሰው ነው የሰጠኸኝ! ስማ፣ ይሄ ቲያትር አይደለም። ይሄው ታሪካችን፣ “የጥንዶች ሰፈር”፣ መድረክ ላይ ሳለ ሌላ ነበር። ያኔ በር የምንለው ቀለም የተቀባ ካርቶን ነው። ሽማግሌ የምንለው አገጩ ላይ ጥጥ የለጠፈ ጎረምሳ ነው።

ሀይደር፦ ጥጡ ሻይ ውስጥ የገባ ቀን ነው ሰው በጣም ያጨበጨበልን።

ሙስጠፋ፦ እሱ አሳዛኝ ትዕይንት ነበር!

ሀይደር፦ አዎ፣ አሳዝኖናል። ሻዩን ደፋነው።

ሙስጠፋ፦ አሁን ፊልም ነው። ስፖንሰር የሌለው፣ ማንም “ይህን ጨምር፣ ያንን ቀንስ” የማይለው የራሴ ፊልም! ሽማግሌ ባልና ሚስቱን ቀርጬ ጨርሻለሁ። ሲጣሉ የሚውሉትንም ጨርሻለሁ። የቀሩኝ ወጣቶቹ ናቸው፤ አንተና የጋሽ ናስረዲን ልጅ ሀዋ። እና ዛሬ ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው። እውነተኛ ግቢ! እውነተኛ አባት! እውነተኛ ሽማግሌዎች! ጥጥ የለም!

ሀይደር፦ እኔም እውነተኛ ነኝ።

ሙስጠፋ፦ አንተ ገና ነህ። ፊትህ ላይ ፍርሃት አይነበብም።

ሀይደር፦ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ።

ሙስጠፋ፦ ጉልበትህን አልቀርጽም! ወደ ፊትህ አምጣው።

ሀይደር፦ ሙስጠፋ፣ ጠዋት የነገርኩህን ሰምተኸኛል?

ሙስጠፋ፦ የቱን?

ሀይደር፦ ሀዋን ከልቤ እንደምወዳት። ላገባት እንደምፈልግ። ዛሬ ጋሽ ናስረዲን እምቢ ካሉ እንዳለቀልኝ።

ሙስጠፋ፦ ሰማሁህ እንጂ! ግሩም ነበር። “አለቀልኝ” ስትል ድምፅህ ተሰበረ። ደግመህ በለው አላልኩህም?

ሀይደር፦ ደገምኩልህ። ከዚያ ደግሞ “በዝግታ በለው” አልከኝ።

ሙስጠፋ፦ በዝግታው ይሻላል።

ሀይደር፦ የምሬን ነው የምልህ!

ሙስጠፋ፦ በቃ! ይህን ስሜት ያዝልኝ፤ እንዳትለቀው!

ሀይደር፦ (ለራሱ) ቅጠሉን ልያዝ ወይስ ስሜቱን?

ሙስጠፋ፦ አየህ፣ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ። ይለምናሉ። አባትየው ፊታቸውን አጥቁረው “ለባጃጅ ሾፌር ልጅ የለኝም” ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይወጣሉ። አንተ ትሰማለህ፤ እንሰት ሥር ትወድቃለህ፤ ዝናብ ይዘንብብሃል።

ሀይደር፦ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዝናቡ ከየት ይመጣል?

ሙስጠፋ፦ ጀሪካን አምጥቻለሁ።

ሀይደር፦ ልጅ ተከልክዬ፣ በላዬ ላይ ውሃ ልትደፋብኝ ነው?

ሙስጠፋ፦ ለጥበብ ሲባል!

ሀይደር፦ ባይከለክሉስ?

ሙስጠፋ፦ ካልከለከሉ ድራማ የለም! አንተ ስለ ጥንዶች ምን ታውቃለህ? ፍቅር ካልተከለከለ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ስለ ጥንዶች እኔን ጠይቀኝ።

ሀይደር፦ አንተ አግብተህ ታውቃለህ እንዴ?

ሙስጠፋ፦ ሐኪም ሁሉ ታሞ ነው እንዴ የሚያክመው?

ሀይደር፦ እሺ፣ ጋሽ ናስረዲንን ግቢያቸውን ስትጠይቃቸው ምን አሉህ? እስቲ ልክ እንዳሉት ንገረኝ።

ሙስጠፋ፦ “ጋሼ፣ ፊልም ልንቀርጽ ነው” አልኳቸው። “ምን ልታደርጉ?” አሉ። “ሽማግሌ ይመጣል፣ ሀዋን ይጠይቃል” አልኳቸው። “ለማን?” አሉ። “ለሀይደር” አልኳቸው።

ሀይደር፦ ስሜን ጠራኸው? ከዚያስ?

ሙስጠፋ፦ ዝም አሉ።

ሀይደር፦ ፊታቸው እንዴት ነበር? ጠቆረ? ፈካ?

ሙስጠፋ፦ እኔ እንጃ፤ የግቢውን ብርሃን እያየሁ ነበር።

ሀይደር፦ ያንን የሚያህል ነገር ተናግረህ ብርሃን ታያለህ?!

ሙስጠፋ፦ ብቻ ቆይተው “ይምጣ” አሉ። “ቃሉን ላስጠናዎት?” ስላቸው “በልጄ ጉዳይ የምናገረውን እኔ አላጣውም” አሉኝ። እንዲህ ያለ ተፈጥሯዊ ችሎታ አዲስ አበባም የለም!

(ከደጅ “አሰላሙ ዓለይኩም” የሚል የሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ።)

ሀይደር፦ መጡ! ሐጂ ረሻድ ናቸው ከፊት። ሙስጠፋ፣ እኔ ልሂድ። ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያ ቀን በዚያ ግቢ አይታይም። አንድ ሰው ቢያየኝ ነውሩ አይነሳም።

ሙስጠፋ፦ ቅጠሉን ማን ሊይዝልኝ? ቁም! ለመሆኑ ቅድም በባጃጅህ ስታመጣቸው ጽሑፌን አስጠናሃቸው?

ሀይደር፦ ሐጂ ጽሑፉን አልተቀበሉኝም። “የሰው ልጅ ስጠይቅ ወረቀት አይቼ አላውቅም” አሉ።

ሙስጠፋ፦ ታዲያ መንገዱን ሙሉ ምን ስታወሩ መጣችሁ?

ሀይደር፦ ስለ እኔ ሲጠይቁኝ። ትሰግዳለህ ወይ፣ እናትህን ማን ይጦራል፣ ልጅቷስ ትፈልግሃለች ወይ እያሉ። ነፍሱን ይማረውና አባቴን ሁሉ አነሱብኝ።

ሙስጠፋ፦ ገጸ ባሕሪውን እያጠኑ ነው! ተመልከት፣ ልምምድ ሳይገቡ!

ሀይደር፦ መንገድ ዳር ከባጃጁ ሳወርዳቸው ደግሞ ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ።

ሙስጠፋ፦ ትንፋሽ መሰብሰብ ይባላል። ትልልቅ ተዋንያን መድረክ ሳይወጡ ያደርጉታል። ዝም! ጀምረናል። እኔ አያለሁ፤ አንተ በማዳመጫው የሚሉትን እየሰማህ ትነግረኛለህ።

(ሙስጠፋ ካሜራው ላይ ይደፋል። ሀይደር ከቅጠሉ ኋላ ስለሆነ አይታየውም፤ ማዳመጫውን በትከሻው ጆሮው ላይ ይጫናል።)

ሙስጠፋ፦ ኧረ! ለምን አይቀመጡም? ወንበሮቹን ብርሃን ላይ ያስቀመጥኩት እኮ ለእነሱ ነው!

ሀይደር፦ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” እያሉ ነው።

ሙስጠፋ፦ የሐጂ ራስ ተቆረጠብኝ! “ተቀመጡ” ልበላቸው?

ሀይደር፦ (ቅጠሉን የሙስጠፋ አፍ ላይ ጫን አድርጎ) ትሞታለህ!

ሙስጠፋ፦ ምምም! ...እሺ ልቀቀኝ። ምን አሉ?

ሀይደር፦ “ወንድማችን ናስረዲን፣ ደጅህ ላይ የቆምነው ለቁም ነገር ነው” አሉ።

ሙስጠፋ፦ የኔ አይደለም! የኔ ጽሑፍ የሚለው “ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከሩቅ የመጣን መንገደኞች ነን” ነው።

ሀይደር፦ ገና ረፋድ ነዋ። ደግሞ ሐጂን ከገበያው ጀርባ ነው ያመጣኋቸው።

ሙስጠፋ፦ ቀጥል፣ ቀጥል!

ሀይደር፦ “ልጁ ባጃጅ ይነዳል። ሥራው ቀላል ነው የሚል ካለ፣ ማታ የታመመ ሰው ይዞ ሆስፒታል ሲሮጥ ይየው” አሉ። ...ይሄን ማን ነገራቸው?

ሙስጠፋ፦ ረዘመ! ይቆረጣል።

ሀይደር፦ አትቁረጠው! ቆይ... “ልጁ አባት የለውም። ከዛሬ ወዲያ ግን አባት የለውም አትበሉ፤ እኔ አለሁ” አሉ። (ዓይኑ እንባ ያቀራል።)

ሙስጠፋ፦ ሀይደር? አለቀስክ እንዴ? አለቀሰ! ወላሂ እውነተኛ እንባ! ካሜራው ግን ወደዚያ ዞሯል፤ እስክመልሰው እንባህን ያዘው!

ሀይደር፦ እንባ ይያዛል እንዴ?

ሙስጠፋ፦ ወደ ላይ ቀና በል፣ አይወርድም! ...ወረደ! አጠፋኸው!

ሀይደር፦ ተወኝ፣ ልስማበት። ጋሽ ናስረዲን ምን ይመስላሉ?

ሙስጠፋ፦ አሁን እምቢ ይላሉ። ዝግጁ ሁን። ጀሪካኑ የት አለ? ...ውይ! ተነሱ! ከካሜራ ወጡ! የት ነው የሚሄዱት?

ሀይደር፦ ወደ ቤት ገቡ? ከእናትየዋ ሊመክሩ ነው።

ሙስጠፋ፦ ጽሑፉ ውስጥ ምክክር የለም! ባዶ ወንበር እየቀረጽኩ ነው!

ሀይደር፦ ያ ረቢ... ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ...

ሙስጠፋ፦ ድምፅህ ይገባል፣ ቀስ ብለህ ጸልይ።

ሀይደር፦ “ሌላ ቀን ተመለሱ” ቢሉስ? ስንቱን እንዲህ አመላልሰው አስቀርተውታል!

ሙስጠፋ፦ ሌላ ቀን አይሆንም፤ ማዳመጫውን ተውሼ ነው የመጣሁት! አሃ፣ ወጡ። ብቻቸውን አይደሉም። ሀዋን አስከትለዋል።

ሀይደር፦ ሀዋን ጠሯት?! ሊጠይቋት ነው! ማዳመጫው... ንፋስ ነው የሚሰማኝ። ሙስጠፋ፣ ምን አለች?

ሙስጠፋ፦ ሻርፗ ላይ ብርሃን አረፈ። ውብ ነው።

ሀይደር፦ ምን አለች?

ሙስጠፋ፦ ጥላው ግን አፍንጫዋ ላይ ወደቀ።

ሀይደር፦ ጥላውን ተወው! ራሷን ነቀነቀች?

ሙስጠፋ፦ ነቀነቀች።

ሀይደር፦ ወደ ታች ነው ወደ ጎን? ወደ ታች ከሆነ እሺ ነው፣ ወደ ጎን ከሆነ እምቢ ነው! ሙስጠፋ በአላህ!

ሙስጠፋ፦ ወደ ታች መሰለኝ። ብቻ ፊቷን ለካሜራ ሰጥታ ቢሆን ጥሩ ነበር። ...ቆይ ቆይ። ምንድን ነው የሚያመጡት? ትልቅ ጣባ። ይጨሳል። ዳሩ ላይ ቅቤ ይንሳፈፋል።

ሀይደር፦ (ቀስ ብሎ) ...ቡላ በቅቤ? አተካና ነው?

ሙስጠፋ፦ አተካና ነው! ይሄን ማን አዘዘ? ከጠዋት ጀምሮ ቅቤ ቅቤ ሲሸተኝ ጎረቤት መስሎኝ! ሐጂ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። እንዳይበሉ! ተከልክለው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚወጡት! ሐጂ፣ አይብሉ!

ሀይደር፦ ጎረሱ?

ሙስጠፋ፦ ቢስሚላህ አሉ...

ሀይደር፦ ጎረሱ ወይ? ሙስጠፋ፣ ይህን ብቻ ንገረኝ! ጎረሱ?!

ሙስጠፋ፦ ጎረሱ። አሁንማ ጋሽ ናስረዲንንም እያጎረሷቸው ነው። ፊልሜን በሉት!

(ሀይደር ቅጠሉን ወርውሮ፣ ማዳመጫው ከአንገቱ እየተንጠለጠለ ይዘላል፤ እንሰቱን ያቅፋል።)

ሀይደር፦ አልሐምዱሊላህ! ሰጡኝ! ሰጡኝ! ሀዋን ሰጡኝ!

ሙስጠፋ፦ ተረጋጋ፣ አንተ መውደቅ ነው ያለብህ! ቅጠሉን አንሳ! እኔ ገብቼ “ድገሙ” ልበላቸው። ጋሽ ናስረዲን ከመጀመሪያው “ልጅ የለኝም” ይበሉ፣ ጣባው ይመለስ።

ሀይደር፦ (የካሜራውን እግር ጨብጦ) እንዳታደርገው! የሰጠ አባት “እምቢ በል” ይባላል? ለምኖ የተሰጠው ሽማግሌ “እንደገና ለምን” ይባላል? ሙስጠፋ፣ ያለኝ ይኼው ነው፣ እንዳትደፋብኝ!

ሙስጠፋ፦ ለጥበብ መስዋዕትነት ይከፈላል!

(ሙስጠፋ “ድገሙ! ከመጀመሪያው!” እያለ ወደ ግቢው ይሮጣል። ሀይደር ይከተለው ይልና፣ መታየት እንደሌለበት ትዝ ሲለው ተመልሶ እንሰት ሥር ይወሸቃል። ከዚያ በፍርሃት ዓይኑን ካሜራው ላይ ያስጠጋል።)

ሀይደር፦ አይ ሙስጠፋ... ገባ። እጁን እያወናጨፈ ነው። “ድገሙ” ሲላቸው ይታየኛል። ሐጂ ቀና ብለው አዩት። አለቀልኝ። ...ወንበር አሳዩት። አይቀመጥም። ...ተቀመጠ። ጋሽ ናስረዲን ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉት። አፉን ከፈተ። አልዘጋውም። ...ሐጂ በተከፈተው አፉ አጎረሱት። (ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይጭናል) ምን ይላል? ...ምንም አይልም። ያላምጣል።

(ጥቂት ቆይቶ ሙስጠፋ እያላመጠ ይመለሳል። አገጩ በቅቤ ወዝቷል። ካሜራውን አያይም፤ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ይላል።)

ሀይደር፦ ምን አሉህ? አበላሸኸው? ተናገር!

ሙስጠፋ፦ (ውጦ) ሐጂ “ቁጭ በል” አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

ሀይደር፦ “ድገሙ” አልካቸው?

ሙስጠፋ፦ አልኳቸው። ሐጂ “ልጄ፣ እኔ በዚህ ሽበት ሰው ደጅ ቆሜ በሰው ልጅ ጨዋታ የምጫወት ይመስልሃል? ባጃጅ ውስጥ ‘ነገሩ እውነት ካልሆነ አሁኑኑ አውርደኝ’ ብዬዋለሁ፤ እውነት ነው ብሎኛል” አሉኝ።

ሀይደር፦ እውነት ነዋ።

ሙስጠፋ፦ ጋሽ ናስረዲን ደግሞ ጠጋ ብለው ምን አሉኝ መሰለህ? “ልጁ ደጄ ላይ ባጃጁን አቁሞ ሲያንገራግር ሳየው ስንት ወር ሆነኝ! ሰው የለውም እያልኩ አዝንለት ነበር። አንተ ግን ሳይሸማቀቅ በፊልም አሳብበህ ትልልቅ ሰዎች አመጣህለት። አላህ ይስጥልኝ” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሀይደር፦ ምን አልካቸው ታዲያ?

ሙስጠፋ፦ ምን እላለሁ? አፌ ሙሉ ነው!

ሀይደር፦ (እየሳቀ) ሀዋስ?

ሙስጠፋ፦ እሷማ ነገሩ የምር መሆኑን ለእናቷ ነግራ፣ እናትየው አተካናውን ከንጋት ጀምረው ነው የጣዱት። እኔ ብርሃን እለካለሁ፣ እነሱ ድግስ ይለካሉ! አንተ ግን ለምን አልነገርከኝም?

ሀይደር፦ ነገርኩህ! “ደግመህ በለው” አልከኝ!

ሙስጠፋ፦ (ራሱን ይዞ) ቆይ፣ ሐጂ አልተወኑም። ጋሽ ናስረዲን አልተወኑም። ሀዋ አልተወነችም። አንተም እንባህ የእውነት ነበር።

ሀይደር፦ የእውነት ነበር።

ሙስጠፋ፦ ታዲያ እዚህ ፊልም ላይ ሲተውን የነበረው ማነው?

ሀይደር፦ አንተ። ዳይሬክተሩን ትጫወት ነበር። ጥሩ ተጫውተሃል።

(ሙስጠፋ አፍጥጦ ያየዋል። ከዚያ ሳቁ ያመልጠዋል፤ ሁለቱም እንሰት ሥር ተንከባለው ይስቃሉ። ሙስጠፋ ተነስቶ ጓደኛውን አጥብቆ ያቅፈዋል።)

ሙስጠፋ፦ መብሩክ ወንድሜ! አላህ ያሳምርላችሁ። ና፣ የአንድ ዓመት ልፋቴን አበላሽተህ እንኳን ደስ አለህ!

ሀይደር፦ ምኑ ተበላሸ? ቀርጸኸው የለ እንዴ?

ሙስጠፋ፦ ቀርጬዋለሁ! ግን ይሄን መጨረሻ ማን ያምነኛል? ሽማግሌ መጣ፣ አባት ሰጠ፣ አተካና ተበላ! ሰው አዳራሹ ውስጥ ይነሳና “እንዲህ ያለው ነገር ፊልም ላይ ብቻ ነው” ይለኛል!

ሀይደር፦ (ሱፉ ላይ የተጣበቀውን የእንሰት ፍርፋሪ እያራገፈ) ያላመነ ሠርጋችን ላይ ይምጣ!